አራት ቅኝት፣ ሦስት ክራር፣ ሰባት ደቂቃ

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የክወናና የእይታ ጥበባት አስተምራለሁ። የሙዚቃ ክበቡም በእኔ ላይ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ውድድር አለብን፤ አምስት ሳምንት ቀርቶናል። ልጆቼ አሥራ አራት ናቸው። ሦስት ክራር፣ ሁለት ዋሽንት፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ የቀሩት ሰባቱ ድምፃውያን ናቸው።

አምና ከታች ሁለተኛ ወጣን። ዳኞቹ የጻፉልን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጥሩ ሙከራ ነው። ቅኝት ላይ ይሠራ።» ስለዚህ ዘንድሮ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ አቀናጅተን በተሰጠን ሰባት ደቂቃ ለማቅረብ ተነስተናል። ግን እየከበደን ነው። ሦስት ልጆች ከምት ይወጣሉ። መሪ ድምፃዊቷ ሰው ፊት ስትቆም ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን ከፋሲካ ወዲህ ከአጎቱ ጋር ሠርግ ለሠርግ እየዞረ፣ ልምምድ ላይ በሳምንት አንዴ ቢገኝ ነው። ልጆቹም «አዝማሪው» እያሉ ያሾፉበታል። ዳይሬክተራችን ደግሞ ዋንጫ ይጠብቃሉ። ልጁን ላስወጣው? ሦስቱንስ ላስቀራቸው? ከየት ልጀምር?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አዘንኩ፣ ቀጥሎ ሳቅኩ። አትቀየሚኝ። የሳቅኩት በአንቺ ሳይሆን «ቅኝት» በምትለው ቃል ነው።

ዳኞቹ «ቅኝት ላይ ይሠራ» ሲሉ አንቺ «ቅኝት ይጨመር» ያሉሽ መስሎሻል። አፈጻጸማችሁን አላየሁም። ግን እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ በዳኝነት ወንበር ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። ከታች ሁለተኛ ለወጣ ቡድን ይህን የሚጽፍ ዳኛ ስለ ባቲና ስለ አምባሰል እያወራ አይመስለኝም። ክራሩ ከክራር አልገጠመም፣ ዋሽንቱ ከድምፃዊቷ አልገጠመም እያለ ነው። ቃሉ ሁለቱንም ይይዛል፤ ዜማው የሚሄድበትም መንገድ ቅኝት ነው፣ ክሩ ልክ መወጠሩም ቅኝት ነው። እሱ ስለ ክሩ ሲጽፍ አንቺ ስለ መንገዱ አነበብሽ። ያው፣ አንድ መስመር ጫር አድርጎ የሚሄድ ዳኛም ጥፋተኛ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ቡድን በቡድን ላይ ሲሰማ የዋለ ሰው ከሰዓት በኋላ እጁ ይዝላል።

ስለዚህ ሦስቱን ቅኝት ጣይ። አንዱን ያዢ።

ለምን እንደሆነ ክራሩ ላይ ላሳይሽ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለው። ስድስተኛው ከአምስቱ የአንዱን ድምፅ በቀጭኑ ወይም በወፍራሙ የሚደግም ነው። ቅኝቶቻችንም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ስለዚህ ክራር ለአንድ ቅኝት ልክክ ተደርጎ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ትርፍ ጨርቅ የለውም። ትዝታን ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብለሽ ቃኝተሽ ወደ አምባሰል ልሻገር ብትዪ፣ ሬ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ሚ ግማሽ ይወጣል፣ ላ ግማሽ ይወርዳል። ሦስት ክር ነው። ሦስት ክራር ስላለሽ ዘጠኝ ክር ይሆናል። ያ ሁሉ ለአንድ መሻገሪያ ነው፤ አንቺ ያቀድሽው ሦስት መሻገሪያ ነው። ናይለን ደግሞ ግትር ነገር ነው። አዙረሽ ወጥረሽ «አበቃ» ስትዪ ቀስ እያለ ይላላል። ሦስተኛው ቅኝት ላይ ስትደርሱ ሦስቱ ክራሮች ሦስት የተለያየ ወሬ ነው የሚያወሩት። ልጆችሽ አጎንብሰው ክር ሲያዞሩ ዳኛው ምን ይሠራል መሰለሽ? ሰዓቱን ያያል።

የትኛውን ልያዝ ካልሽኝ፣ ድምፃዊቷ አንገቷን ሳትወጥር የምትዘፍነውን። አንቺሆዬን ግን ለሌላ ዓመት አቆዪው። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አንዳንዱ በጣም ጠባብ ነው፤ ያልበሰለ ጆሮ እዚያ ላይ ይንሸራተታል። ትዝታ ልጆቹ ከቤታቸው ጀምሮ ስለሚሰሙት ለመቃኘት ይቀላል። ችግሩ ዝግታው ነው። ዝግ ያለ ሙዚቃ ስህተትን አይደብቅም። ባቲ ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ለልጆች እኔ ባቲን እመርጣለሁ። ይሄ ግን የኔ ጣዕም ነው፣ በዚህ አንጣላም።

ቀጥሎ ዋሽንቱ። የቅኝት ጣጣችሁ ከዚህ እንደሚጀምር እጠረጥራለሁ። ዋሽንት አይቃኝም። ሸምበቆው የተቆረጠበት ርዝመትና ቀዳዳዎቹ የተበሱበት ቦታ ድምፁን አንዴ ወስነውታል። አዋቂ ተጫዋቾች ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው፤ ለየከፍታው የየራሱ ዋሽንት አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ዋሽንቶች አንድ ላይ አስነፊያቸው። ካልተስማሙ አንዱን አስቀምጪው፤ ልጁም በተራ ይንፋ። ከዚያ ክራሩም ማሲንቆውም ወደ ዋሽንቱ ይምጡ። ዋሽንቱ ወደ እነሱ አይመጣም።

ደግሞ ቀዝቃዛ ዋሽንትና የሞቀ ዋሽንት አንድ አይደሉም። ለጥቂት ደቂቃ ሲነፋ ውስጡ ያለው አየር ይሞቅና ድምፁ ከፍ ይላል። ልጁ ከቦርሳው እንዳወጣ ክራሩን ወደ እሱ ከቃኛችሁ፣ ሙዚቃው መሃል ላይ ዋሽንቱ ጥሏችሁ ይሄዳል። መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ቃኙ።

ሦስቱንም ክራር ደግሞ አንድ ጆሮ ይቃኛቸው። ሦስት ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ የየራሱን ሲቃኝ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ገበያ ነው የሚሆነው። የድምፁን ልክ በመብራት የሚያሳየው የሞባይል ቲዩነር ይረዳል። ግን ለመጀመሪያው ክር ብቻ ተጠቀሙበት፤ የቀረው በጆሮ ይሁን። የቅኝቶቻችን ርቀት ሁልጊዜ ኪቦርድ ቁልፍ ላይ ልክ አያርፍም። ልጆቹም አረንጓዴ መብራት ማየት ከለመዱ መስማት ይተዋሉ።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ አራት ክራር በባጃጅ ጭኜ ወደ ውድድር ሄድኩ። ግንቦት ነበር። የባሕር ዳርን ግንቦት ታውቂዋለሽ፤ ከቀትር በኋላ ዘንባባውም ጥላ አይሰጥም። ጠዋት ክፍል ውስጥ አሳምሬ ቃኝቼ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን አርባ ደቂቃ ቆምን። መድረክ ላይ ስንወጣ የመጀመሪያው ልጅ ክሩን ነካ አደረገው። ድምፁ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ይመስል ነበር። ቆዳው ደርቆ ተወጥሯል፣ ክሩ ረግቧል፣ ክሩ የሚታሰርበት ቀንበር ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ተንሸራትቷል። ማይክ ፊት ቆመን ለአራት ደቂቃ ቃኘን። ሕዝቡ አፏጨ። ሰዓታችን አለቀና የቀረውን ሳንጫወት ወረድን። አንዷ ተማሪዬ እስከ ቤቷ አለቀሰች። እኔ ያለቀስኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ከሐይቁ የሚነሳው እርጥበት ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ዝናብ ካረፈ በኋላ፣ የማሲንቆውና የከበሮው ቆዳ ይለሰልሳል፤ ድምፁ ይታፈናል። ለዚህ ነው ከበሮ መቺዎች ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር የሚያሞቁት። ከበሮ ማሞቅ ይቻላል፤ ክራር ግን ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪ። ክሮቹንም አሁኑኑ ቀይሪ። አዲስ ናይለን እስኪለምድ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይላላል፤ በውድድሩ ዋዜማ አዲስ ክር ያሰረ ሰው በራሱ ላይ ፈርዷል። (እኛ ልጅ ሳለን ክር የምንለምነው ከዓሣ አጥማጆች ነበር። የዓሣ ማጥመጃው ናይለን ክራር ላይ ሲወጠር ድምፁ አይከፋም። እጃችን ግን ቀኑን ሙሉ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።)

አሁን ወደ ማሲንቆው ልጅ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው።

ልምምድ ይቀራል አልሽኝ። ያንቺን ልምምድ ነው የቀረው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባሕር ዳር ቅዳሜና እሑድ ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ፤ ሐይቁ ዳር ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ ሳታዪ ቡና መጠጣት አይቻልም። ልጁ በእነዚህ ሠርጎች ለሰዓታት ነው የሚጫወተው። አድማጩም ወረቀት ይዞ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጮኻል። አንዱ ሞቅ ይለውና ይነሳል። «ተቀበል!» ይላል። ስንኝ ይወረውራል። አጎትየው ያንን ስንኝ እዚያው በዚያው ከዜማው ጋር አስማምቶ መልሶ ይዘፍነዋል። ሰውየው ቃል ቢያጎድል ይሞላለታል። ቢያረዝም ያሳጥርለታል። ልጁ ደግሞ ከአጎቱ ሥር ሥር ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይከተላል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ነው ያለው። ጣት እዚህ ይረፍ የሚል ምልክት የለበትም። ልክ የሆነውን ቦታ በጆሮው ነው የሚያገኘው፣ በየቅጽበቱ።

ሌሎቹ ልጆችሽ የየራሳቸውን ክፍል ያውቁ ይሆናል። እሱ የሌላውን ሰው መስማት ያውቃል። አምና የጎደለሽ ይህ ነው። ዳኛ «ቅኝት» ብሎ ይጻፈው፣ «ምት» ብሎ ይጻፈው፣ «ቅንጅት» ብሎ ይጻፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው አንድ ነው፦ ልጆቹ አይደማመጡም። እያንዳንዱ የራሱን ክር አቀርቅሮ እያየ ለብቻው ይጫወታል፤ አሥራ አራት ብቸኛ ልጅ አንድ መድረክ ላይ።

ስለዚህ አታስወጪው። አስተማሪ አድርጊው። የእያንዳንዱን ልምምድ የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት «ተቀበል» ተጫወቱ። ድምፃዊቷ አንድ አጭር ሐረግ ታዚም፤ ማሲንቆው ይቀበል። ከዚያ እሱ አንድ ሐረግ ይወርውር፤ አንደኛው ክራር ይቀበል፤ እሱም ለዋሽንቱ ይወርውር። የወደቀ ይደግማል። ቃል መምረጥ፣ ግጥም መግጠም አያስፈልግም። የተሰማውን መመለስ ብቻ። መጀመሪያ ቀን ይስቃሉ፣ ይንተባተባሉ። በሁለተኛው ሳምንት አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲተያዩ ታገኛቸዋለሽ። ያን ጊዜ ውድድሩ ተጀመረ በይ።

በዚያ ጨዋታ ላይ አንድ ሌላ ነገርም ይሆናል። «አዝማሪው» እያለ የሚያሾፈው ልጅ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ሲመልስ፣ ሹፈቱ በራሱ ይበርዳል። እዚያ ላይ ስብከት አትጨምሪ። አንድ ቀን ብቻ ሰሌዳው ላይ «ዘመረ» ብለሽ ጻፊና ከሱ የሚወጡትን ቃላት ጠይቂያቸው። መዝሙር ይላሉ። ዘማሪ ይላሉ። ዝማሬ ይላሉ። አዝማሪንም ራስሽ ጨምሪላቸው፤ ከዚያው ከግዕዙ ቃል ነው የወጣው። መጽሐፍ ሲያዝ ክብር፣ ማሲንቆ ሲያዝ ስድብ የሆነው እንዴት እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይከራከሩበት።

ወደ አጎትየውም ሂጂ። ደብዳቤ አትላኪ፣ ራስሽ ሂጂ። የሠርግ ገንዘብ ለዚያ ቤት የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል፤ «ልጁ ሠርግ ይቅር» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ሠርጉ የሚበዛው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ልምምድሽን ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አድርጊው። ሰኞ ግን ልጁ ሌሊት ሲጫወት ያደረ ስለሚሆን ብዙ አትጠብቂ። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ጾም ስለሌለ ረቡዕንም ብትጨምሪ ልጆቹ ርቧቸው አይመጡም። ፈተናም እየደረሰ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አትያዣቸው። ወላጅ ልጁን ከክበብ የሚያስወጣው ልጁ አምሽቶ ቤት ሲገባ ነው።

ከምት የሚወጡትን ሦስቱን ከመፍረድሽ በፊት የት እንደሚቆሙ እዪ። ድምፃውያን ከሆኑ፣ ከኋላ ጥግ ላይ ከሆኑ፣ ከበሮውን አይሰሙትም ማለት ነው። ከበሮውን መሃል አድርጊው፣ ሌሎቹን በግማሽ ክብ አቁሚያቸው፤ ሁሉም የከበሮ መቺውን እጅ ማየት አለበት። ከሦስቱ ሁለቱ እንዲሁ በቦታ ለውጥ ይስተካከላሉ ብዬ ብወራረድ አልፈራም። ሦስተኛው ካልተስተካከለ ጭብጨባ አትስጪው። ብዙ መምህር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምት ያቃተውን ልጅ «ያጨብጭብ» ይላል። ጭብጨባ ከአዳራሹ ጫፍ ድረስ የሚሰማ ነገር ነው! ለዚያ ልጅ ረዘም ተደርጎ የሚያዝ የተቀባይ ድምፅ ስጪው። እዚያ ላይ ምት አያጋልጠውም። ጉሮሮው ጎርነን ጎርነን እያለ ያለ ወንድ ልጅ ከሆነ ደግሞ ወፍራሙን ይያዝልሽ፤ ቀጭኑን ይገፋል ብለሽ አታስጨንቂው። ከውድድሩ ግን አታስቀሪው። አምስት ሳምንት ሲቀር የተባረረ ልጅ ሙዚቃን ሁለተኛ አይነካም።

የልጆች ቡድን ሲፈራ ደግሞ ይፈጥናል። ፈጣኑ የችክችካ ምት ሲሆን ይብሳል፤ በልምምድ ተረጋግቶ የነበረው መድረክ ላይ ጋላቢ ይሆናል። ይህን የምታዪበት ዘዴ አለ። መሃል ላይ ከበሮው ጸጥ ይበል። ሌሎቹ ይቀጥሉ። ከበሮ መቺው በልቡ እየቆጠረ አራት ዙር ይጠብቅና ይግባ። ከተገናኙ ደግ ነው። ካልተገናኙ ማን እንደሮጠ ሁሉም ይሰማዋል፤ አንቺ መናገር አያስፈልግሽም። የጥምቀት ዕለት ወረብ ሲወረብ አይተው የለ? ካህናቱ ቀስ ብለው ጀምረው፣ መቋሚያው እየወጣ እየወረደ፣ ቀስ በቀስ ነው የሚያፋጥኑት። ሁሉም አንድ ላይ ይፈጥናል እንጂ አንዱ አንዱን ጥሎ አይሄድም። ለልጆቹ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ስለ ድምፃዊቷ። «አትፍሪ» አትበያት። አትፍሪ የተባለ ሰው መፍራቱን ነው የሚያስታውሰው። የሚንቀጠቀጠው ትንፋሿ ስለሚያጥር ነው፤ ትንፋሿ የሚያጥረው ቶሎ ስለምትገባ ነው። መግቢያውን አርዝሚላት። ክራሩ ይጀምር፣ ማሲንቆው የመጀመሪያ ድምፅዋን ቀድሞ ይስጣት፣ እሷም ሁለት ጊዜ በደንብ ተንፍሳ ትግባ። ዓይኗን ዳኞቹ ላይ ሳይሆን ማሲንቆ ተጫዋቹ ላይ ታድርግ። ከፍታውም ከበዛባት አውርጂላት፤ ያኔ ዋሽንቱም አብሮ መቀየር እንዳለበት አትርሺ።

ልምምዱንም ሐይቁ ዳር ወስዳችሁት ከሆነ መልሱት። ቦታው ደስ ይላል፣ አልካድኩም። ግን ነፋሱ ድምፅ ይበላል፤ ልጅቷ ሳታውቀው መጮህ ትለምዳለች። አዳራሽ ውስጥ ስትገባ ያ ጩኸት ጆሮ ይወጋል። ይልቅ ሰው ፊት አስለምጃት። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ሰልፉ ፊት አንድ አንጓ ትዝፈን። በሚኒ ሚዲያው ማይክ ትዝፈን፤ ማይኩን ከአፏ ምን ያህል እንደምታርቀው እዚያ ትማራለች። አንድ ቀን ደግሞ አንደኛ ክፍል አስገቢያቸው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ካልጣመው ፊት ለፊት ያዛጋል፣ ጎረቤቱን ይቆነጥጣል። አንደኛ ክፍልን ጸጥ ያሰኘ ቡድን ዳኛ አይፈራም።

መመዘኛውን ከአዘጋጆቹ ጠይቂ። ብዙ መምህር አይጠይቅም፤ ኋላ ነጥብ ሲጎድል ይገረማል። ስለ ልብስ ነጥብ ከሌለ ለልብስ ኪራይ ገንዘብ አትጨርሺ፤ ንጹሕና አንድ ዓይነት ይሁን፣ አለቀ። ሰዓት አሳልፎ መጫወት ነጥብ ያስቀንስ እንደሆነም ጠይቂ። ሰባት ደቂቃ ከተባለ አምስት ተኩል ደቂቃ የሚሆን ነገር አዘጋጂ። መውጣት፣ መቀመጥ፣ ማይክ ማስተካከል፣ እጅ መንሳት፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ ይበላል።

ከዳኛ ወንበር ልንገርሽ። ቡድኑ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ሐረግ ሲጫወት ብዕሬ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በኋላ የምሰማው መጀመሪያ የጻፍኩትን ለማረጋገጥ ነው ማለት ይቻላል። ይሄ ጥሩ ጠባይ አይደለም፤ ግን ብቻዬን አይመስለኝም። ቀጥሎ በደንብ የምሰማው መጨረሻውን ነው። ልጆች ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጀምረው ስለሚለማመዱ መጀመሪያውን መቶ ጊዜ፣ መጨረሻውን አሥር ጊዜ ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ ዜማው ያልቃል እንጂ አይዘጋም፤ አንዱ ቀድሞ ያቆማል፣ ሌላው ይከተላል። ከነገ ጀምሮ መጨረሻውን አስቀድሚ። የመጨረሻዋን ሐረግ ብቻ፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሐረጎች፤ እንዲያ እያልሽ ወደ ኋላ። መድረክ ላይ ሲሄዱ ወደሚያውቁት ነገር እየቀረቡ ነው የሚሄዱት።

በሳምንት አንዴ ሞባይል አስቀምጪና ቅጂ። ሞባይሉ ዳኛው የሚቀመጥበት ርቀት ላይ ይሁን፣ ክራሩ ሥር አይደለም። አብራችሁ ስሙት። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ የሰማውን። አንቺ ዝም በይ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ ሆን ብለሽ አበላሺ። እየተጫወቱ ሳለ ሄደሽ የአንዱን ክራር ክር በእጅሽ ያዢ፣ ሌሎቹ ሳያቆሙ ይቀጥሉ። ማይክ አጥፊ። መብራት የማይጠፋበት አገር ውስጥ አይደለንም፤ ያለ ማይክ የሚሰማ አንድ ሥሪት ይኑራችሁ።

ዳይሬክተሩን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ዋንጫ የሚጠብቅ ሰው ክር ይግዛ። ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ መለዋወጫ ክር፣ ልምምድ የሚደረግበት ክፍል ቁልፍ፣ የውድድሩ ዕለት ጣሪያ ያለው መኪና። የባጃጁን ታሪክ ከፈለግሽ ንገሪያቸው።

የዕለቱን ዕለት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ክራሮቹ አዳራሹ ውስጥ፣ ጥላ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ይረፉ፤ ቃኙ የምልሽ ከዚያ በኋላ ነው። ለማሲንቆው ደጋን ዕጣን እንዳትረሱ፤ ያላሻሸ ደጋን ጭራው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ድምፅ አያወጣም። ሳውንድ ቼክ ካለ የድምፅ ማጉያው ከልጆቹ ፊት ይሁን፣ ወደ ማይኩ ከዞረ ያፏጫል። መድረክ ላይ ስትወጡ ማንም ክር አይንካ። ካስፈለገ ማሲንቆው አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ ይስጥ፣ ሁሉም በጆሮው ያረጋግጥ፣ ይጀመር።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ለአጎትየው ዛሬውኑ ንገሪው። የግንቦት መጨረሻ ሠርግ ቀብድ የሚቀበሉት አሁን ነው።